ወንድ ልጅና ገበታ

በአገራችን መብል ከመብልነቱ ያለፈ ትርጉም አለው። እንግዳ ሲመጣ ቤት ያፈራውን እናቀርባለን፤ የተጣሉ ሰዎች ሲታረቁ በአንድ ገበታ እናስቀምጣቸዋለን፤ የምንወደውን ሰው እናጎርሰዋለን፤ እምቢ ቢለንም «በሞቴ» ብለን እንማጸነዋለን። ከዚሁ ጋር ደግሞ መብል ወዳድነትን የሚነቅፍ ቃል ሞልቶናል። ለጥቅሙ ሲል ወዳጁን የከዳ ሰው «ሆዳም» ይባላል፤ ለእውነት መቆም ያቃተውም «ለሆዱ ያደረ» ይባላል። ስድቡ ለሴትም ለወንድም የሚነገር ቢሆንም አጥብቆ የሚጎዳው ወንዱን ነው፤ ወንድ ልጅ መንገድ ለመሄድ፥ ብርድና ችግር ለመቻል የተወለደ ነው ተብሎ ስለሚታሰብ፥ ራብን መቻል ከወንድነቱ መለኪያዎች እንደ አንዱ ሆኖ ይቈጠርለታል።

በዚህ ጽሑፍ ልናመለክተው ያሰብነው ከዚሁ ልማድ ጥላ ሥር ተሸሽጎ የሚኖር አንድ ሕመም ነው። ይኸውም እህል በቤቱ ሳለ መብላት የተሳነው፥ ወይም በበላ ቍጥር ጸጸት የሚያሳድደው፥ ወይም ደግሞ ሳይርበው ያለ ልክ በልቶ በኀፍረት የሚሸሸግ ሰው ሕመም ነው። ሐኪሞች እነዚህን ሁሉ በአንድነት የአመጋገብ መዛባት ሕመም ይሏቸዋል። ስለዚህ ሕመም የሰማ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሐሳቡ የሚሥለው ቀጭን ለመሆን የምትደክም ከተሜ ልጃገረድን ነው። ወንድ ልጅ በዚህ ይታመማል ብሎ የሚገምት ግን ጥቂት ነው። እኛ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን ፈጽመን በእንጅባራ ከተማ በመንግሥት ሥራ የምንኖር እንጂ ሐኪም አይደለንም፤ ነገር ግን ጉዳዩ በቅርብ ዘመዳችን ቤት ገብቶ ስላየነው፥ ያየነውንና አንብበን የተረዳነውን ለአንባብያን ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየን።

የምንኖርበት የአዊ አገር እህል የሚያበቅል አገር ነው። በእንጅባራ ዙሪያ ባለው ደጋ ገብሱና ድንቹ ይበቅላል፤ ወደ ዳንግላ ወረድ ሲባል ጤፉ፥ በቆሎውና ዳጉሳው ይበዛል። በቤት ሥርዐት ግን ከሌላው የኢትዮጵያ ገጠር ብዙ አይለይም፤ ገበታ ሲቀርብ አባት ይቀድማል፥ እንግዳም ካለ ከእርሱ ጋር ይቀመጣል፥ እናትና ሴቶች ልጆች ሌላውን አስተናግደው በኋላ ይበላሉ። ይህ ሥርዐት የሴቶችን ድርሻ የሚያሳንስ መሆኑ የታወቀ ነው። በጅማ ዞን ወጣቶች መካከል ተደርጎ በ2000 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፥ የምግብ እጥረት ባለበት ቤት ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ልጆች ችግሩ የበለጠ እንደሚደርስባቸው ገልጿል። ስለዚህ ስለ ወንድ ልጅ መናገራችን የሴቷን ጕዳት ለማቃለል አይደለም። የሴቷ ችግር ድርሻዋን የሚያስብላት ማጣቷ ነው፤ የወንዱ ችግር ደግሞ ድርሻው ቀርቦለት ሳለ አለመብላቱን የሚያይለት ማጣቱ ነው።

የማይታይበት ምክንያት ከአንድ በላይ ነው። መጀመሪያ ነገር፥ በአገራችን ቀጭን ወንድ ብርቅ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በመላ ኢትዮጵያ በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፥ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነው መካከል፥ ከ100 ሴቶች 22ቱ፥ ከ100 ወንዶች ደግሞ 33ቱ ከልክ በታች ቀጭን ሆነው ተገኝተዋል። ይህ ቅጥነት በአብዛኛው ከድካምና ከኑሮ እጥረት የሚመጣ እንጂ የአእምሮ ሕመም አይደለም፤ ነገር ግን በእነዚህ ሁሉ ቀጫጭን ሰዎች መካከል አንድ ሕመምተኛ ቢቆም ማን ይለየዋል? ሁለተኛም፥ አበላላችን ራሱ ይሸፍነዋል። አምስትና ስድስት ሰው በአንድ ትሪ ዙሪያ ተቀምጦ ሲበላ ማን ስንት እንደ ጎረሰ የሚቈጥር የለም፤ ቢቈጥርም ነውር ይሆንበታል። ልጁ እንጀራውን ቍራሽ አድርጎ በጣቱ ሲያንከባልል፥ ለጎረቤቱ ሲያጎርስና ሲጨዋወት ቈይቶ ሳይበላ ሊነሣ ይችላል። ሦስተኛውና ዋናው ምክንያት ግን ወንድ ልጅ ምግብ ሲተው የምንሰጠው ስም መልካም ስም መሆኑ ነው፤ ጾም እንለዋለን፥ ጽናት እንለዋለን፥ ስፖርት እንለዋለን።

ዘመዳችን ያልነው በዳንግላ ከተማ የሚኖር የ17 ዓመት ልጅ ነው። በትምህርቱ የተመሰገነ፥ ሩጫ የሚወድ፥ ለቤተሰቡም ታዛዥ ነበር። በአንድ ዐቢይ ጾም፥ እንደ ጓደኞቹ ሁሉ፥ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ መዋል ጀመረ፤ ከዚያም እስከ ማታ አደረሰው። የፋሲካ ዕለት ቤተሰቡ በዶሮ ወጥ ጾሙን ሲፈታ እርሱ «ሆዴን አሞኛል» ብሎ ጥቂት ቀምሶ ተወ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ እየጠና ሄደ። ጧት «ከሩጫ ስመለስ እበላለሁ» ይላል፤ ሲመለስ «ትምህርት ረፈደብኝ» ይላል፤ ማታ ደግሞ «ከጓደኞቼ ጋር በልቻለሁ» ይላል። እንጀራውን ጠቅልሎ በኪሱ እየደበቀ ለውሻ ይሰጥ እንደ ነበር የታወቀው በኋላ ነው። ሌላው ሰው በሸሚዝ በሚሄድበት ቀትር እርሱ ጋቢ ተከናንቦ ይቀመጣል። ሳቂታ የነበረው ልጅ በትንሽ ነገር ይቈጣ ጀመር። ከማድቤት ግን አይጠፋም ነበር፤ እናቱ ወጥ ሲሠሩ ቆሞ ያያል፥ ታናናሾቹን «ብሉ፥ ጨምሩ» እያለ ያበላል፥ እርሱ ግን አይቀምስም። «ሆድ ካገር ይሰፋል» እንደሚባለው፥ ምን እንደያዘው ለማንም ሳይናገር በሆዱ ይዞት ከረመ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ልጁ ያተረፈው ምስጋና ነበር። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ጾመኛ ነው አሉት። ሩጫ የሚያለማምደው ሰው ሰውነቱ መቅለሉን ወደደለት። አባቱም «ወንድ ልጅ ሆዱን ካሸነፈ ሌላው ነገር አያቅተውም» ይሉ ነበር። በነገሩ የተከፋችው ታላቅ እኅቱ ናት። «እኔ ሁለት ቀን ምሳ ብተው፥ ታመሽ ወይ፥ ምን ሆንሽ፥ ማን አስቀየመሽ እየተባለ ቤቱ ይታወካል፤ እርሱ ግን ስድስት ወር ሲተው ጎበዝ ተባለ» አለችን። ይህ የልጅቷ ንግግር ረጅም ጥናት የሚያሻውን የወንድና የሴት ልዩነት በአጭሩ ያስረዳ ይመስለናል። ሴት ልጅ ምግብ ስትተው ጥያቄ ይነሣል፤ ጥያቄው አንዳንዴ የሚያስቀይም ቢሆንም ቅሉ ጥያቄ ነው። ወንድ ልጅ ሲተው ግን የሚጠይቅ የለም።

ሕመም መሆኑን አስቀድመው የተረዱት እናቱ ናቸው። አንድ ቅዳሜ ልንጠይቃቸው ዳንግላ በሄድንበት ጊዜ፥ «ይህን ልጅ የያዘው ጾም አይደለም» አሉን። «ጾም የያዘ ሰው የፋሲካን ቀን ይቈጥራል፤ ልጄ የሚቈጥረው ቀን የለውም።»

የእንጅባራ ከተማ ሌላ ስሟ ኮሶበር ነው። ኮሶ አባቶቻችን የሆድ ትልን ለማስወጣት ይጠጡት የነበረ መራራ መድኃኒት መሆኑን የማያውቅ የለም። ዛሬም ሰው ከሳ ሲባል የብዙዎች ሐሳብ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ትል ነው። ለልጁም የሆነው ይኸው ነበር። በመጀመሪያ የታየበት የሕክምና ቤት ሰገራውንና አክታውን መረመረ፤ የትል ኪኒን ሰጠው፤ ሌላ ሕመም የለበትም ብሎም መለሰው። ምርመራው ስሕተት አልነበረም፤ በአገራችን ሰውን የሚያከሱ ሕመሞች ብዙ ናቸውና ሁሉም መታየት አለባቸው። የጎደለው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ከቀረበለት ምግብ ምን ያህሉን እንደሚበላ ልጁንም እናቱንም የጠየቀ አልነበረም።

ሁለት ወር ሳይሞላ በሩጫ ላይ ሳለ ወደቀ። ወደ ሆስፒታል ሲወሰድ እኛም አብረን ነበርን። የልቡ ምት እጅግ ዘግይቶ፥ እጅና እግሩም ቀዝቅዞ ነበር። እዚያ ያገኘነው ወጣት ሐኪም እናቱን በጥሞና ካዳመጠ በኋላ ወደ ልጁ ዞሮ «ሳትበላ ስትውል ምን ይሰማሃል?» ብሎ ጠየቀው። ልጁ ብዙ ዝም ብሎ ቈይቶ «ያሸነፍሁ ይመስለኛል» አለ። «ማንን?» ቢለው መልስ አጣ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለዚህ ሕመም የተጻፈውን እየፈለግን ማንበብ ጀመርን። ከሁሉ ያስገረመን ወንድ ልጅ ለሕመሙ ታሪክ እንግዳ አለመሆኑ ነው። ሪቻርድ ሞርተን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1689 በላቲን፥ በ1694 ደግሞ በእንግሊዝኛ በታተመው መጽሐፉ፥ ትኩሳት ሳይኖራቸው ከኀዘንና ከሐሳብ የተነሣ ምግብ ጠልተው የመነመኑ ሁለት ወጣቶችን ገልጿል። ዘመኑ በእኛ አገር ዐፄ አድያም ሰገድ ኢያሱ በጎንደር ነግሠው የነበሩበት ነው። ከሁለቱ አንዷ የ18 ዓመት ልጃገረድ ስትሆን ሁለተኛው የ16 ዓመት ወንድ ልጅ ነበር። ልጅቱ ሞተች። ለልጁ ግን መድኃኒት አልረዳው ባለ ጊዜ፥ ሐኪሙ ትምህርቱን ትቶ ወደ ገጠር እንዲወጣ፥ ፈረስ እንዲጋልብና ወተት እንዲጠጣ መከረው፤ ልጁም ብዙ ተሻለው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር በሚያይ ሕዝብ መካከል ስለምንኖር፥ ይህን የፈረስና የወተት ሕክምና ባነበብን ጊዜ ፈገግ ማለታችን አልቀረም።

ይሁን እንጂ በኋላ የመጡት ሐኪሞች ልጁን ረሱት። በ1873 ዊልያም ጋል በለንደን፥ ሻርል ላሴግ በፓሪስ፥ ይህንኑ ምግብ የመተው ሕመም በየፊናቸው ሲገልጹ፥ ከታሪካቸው ጐልቶ የወጣው የወጣት ሴቶች ነበር። ከዚያ ወዲህ ሕመሙ የልጃገረዶች ሕመም ሆኖ ተቈጠረ፤ ከሚታወቅባቸው ምልክቶችም አንዱ የወር አበባ መቅረት ሆነ። ይህ ምልክት ከአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች የሕመም መለያ መጽሐፍ የወጣው በ2013 ነው። መለኪያው በሴት አካል ልክ የተሰፋ ስለ ነበረ፥ ወንዱ ሲለካበት ሳይገኝ ቢቀር አያስደንቅም። በአትሌቶችም ዘንድ እንዲሁ ሆኗል። ሯጮች ከሚያወጡት ኀይል ያነሰ ሲመገቡ የሚደርስባቸው ጕዳት ለብዙ ጊዜ የሴት አትሌቶች ችግር እየተባለ ሲነገር ኖሮ፥ ወንዶችንም እንደሚነካ ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ስሙን ለውጦ ያስታወቀው በ2014 ነው።

በእርግጥ ሴቶች በብዛት ይታመማሉ። በ2007 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት እንዳመለከተው፥ በዕድሜያቸው ምግብ የመተው ሕመም የያዛቸው ከ1,000 ሴቶች 9፥ ከ1,000 ወንዶች 3 ናቸው። ያለ ልክ የመብላት ሕመም የያዛቸው ደግሞ ከ1,000 ሴቶች 35፥ ከ1,000 ወንዶች 20 ናቸው። እንግዲህ ወንዱ ቍጥሩ ያንሳል እንጂ የለም አይባልም፤ ያለ ልክ በመብላት ረገድማ ልዩነቱ ይጠባል። የሕመሙ መልክም ይለያያል። ሴቷ አብዛኛውን ጊዜ መቅጠንን ስትሻ፥ ከወንዶቹ ብዙዎቹ የሚሹት ጡንቻን ነው። በ1990ዎቹ አሜሪካውያን ሐኪሞች ሰውነታቸው ፈርጥሞ ሳለ በመስተዋት ሲያዩት ኰስሶ የሚታያቸውን ወንዶች ሕመም በጽሑፍ ገልጸዋል። ዛሬ በየከተማችን ጂም ቤት በተከፈተበት ጊዜ ይህንም ማወቅ አይከፋም፤ ስፖርት መሥራት ጤና ነው፤ መስተዋቱ የልጁ ዳኛ ሲሆን ግን መጠየቅ ይገባል።

የዘመዳችንን ልጅ ጠባይ ከሁሉ ይልቅ ያስረዳን ግን በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ አንድ ፈተና ነው። በ1944 እና በ1945፥ ጦርነቱ ሊያልቅ በተቃረበበት ጊዜ፥ አንሴል ኪስ የተባሉ ሊቅ የተራበውን የአውሮፓ ሕዝብ እንዴት መመገብ እንደሚገባ ለማወቅ፥ በሕሊናቸው ምክንያት መሣሪያ አናነሣም ያሉ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን በፈቃዳቸው ለ24 ሳምንት ምግባቸውን አሳንሰው አቈዩአቸው። ሰዎቹ ከክብደታቸው ሩቡን ያህል አጡ። ሁልጊዜ ይበርዳቸው ነበር፤ ይቈጡ ነበር፤ ከሰው ይለዩ ነበር፤ ሐሳባቸው ሁሉ ስለ ምግብ ሆነ፤ አንዳንዶቹም የወጥ አሠራር መጻሕፍትን ይሰበስቡ ጀመር። ጋቢው፥ ቍጣውና ከማድቤት አለመጥፋቱ ሁሉ ከዚህ ተጽፎ አገኘነው። እነዚህ ሰዎች ወንዶች ነበሩ፥ ጤነኞችም ነበሩ፤ ራብ ራሱ አእምሮን የሚለውጥ መሆኑን በሰውነታቸው አሳዩ። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ልጅ «ልብ ግዛና ብላ» ማለት ብቻውን አይረዳውም፤ የሚያስብበት አእምሮ ራሱ ተርቧልና።

ሕክምናው በቀስታ ተጀመረ። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት በአንድ ጊዜ ቢሞላ በደም ውስጥ ያሉት ጨዎች ተዛብተው ልብን ሊጎዱ ስለሚችሉ፥ ምግቡ በመጠን እየተጨመረ ይሰጠው ነበር። ወደ ቤቱ ሲመለስ ሐኪሙ ሦስት ነገር አዘዘ፤ ሩጫውን እንዲያቆም፥ ሲበላ ሁልጊዜ ሰው አጠገቡ እንዲቀመጥ፥ ምግቡም በራሱ ሳሕን እንዲቀርብለት። የመጨረሻው ትእዛዝ ለአባቱ ከበዳቸው፤ ልጅን ከገበታ መለየት ቅጣት መሰላቸው። በኋላ ግን ራሳቸው መላ አበጁለት፤ እርሳቸውም በሳሕን መብላት ጀመሩ። ልጁ ሳሕኑን ሳይጨርስ አይነሡም ነበር። ቢዘገይም አይቈጡትም፤ ስለ ገበያውና ስለ ዝናቡ እያወሩ ይጠብቁታል። ሆዱን ስለ ማሸነፍ የሚናገሩትን ነገርም ከዚያ ወዲህ ከአፋቸው አልሰማንም።

ዛሬ ልጁ አገግሞ ትምህርቱን ቀጥሏል። ፈጽሞ ድኗል ለማለት ግን ጊዜው ገና ነው። የጾም ወራት ሲቃረብ ፍርሃት ይይዘዋል፤ መጾምም አለመጾምም እኩል ያስፈራዋል። የንስሐ አባቱ ነገሩን ሰምተው እስኪድን ድረስ እንዳይጾም አዘውታል፤ ጾም ሕመምተኛን እንደማያስገድድ በክርስቲያኑም በእስላሙም ዘንድ የታወቀ ነው። ሩጫውም ይናፍቀዋል፤ ሐኪሙ እስኪፈቅድለት ይጠብቃል።

ከዚህ ሁሉ የተማርነው በእናቱ ንግግር ሊጠቃለል ይችላል። ጾም ፍቺ አለው፤ ጾመኛ ሰው ከወገኖቹ ጋር ጾሞ ከወገኖቹ ጋር ይፈታል፤ የፍቺው ቀን ሲደርስም ደስ ይለዋል። ይህ ሕመም ግን ፍቺ የለውም፤ ሰውየው ለብቻው ይጀምረዋል፥ ለብቻው ይደብቀዋል፥ በተባለው ቀንም አያቆምም። ጽናትም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ ጽኑ ሰው ሲያስፈልግ ይራባል፥ ሲያገኝ ይበላል። አግኝቶ መብላት ያቃተው ሰው ጽኑ ሳይሆን ታማሚ ነው።

ስለዚህ በየቤቱ ያላችሁ አባቶችና ታላላቅ ወንድሞች ሆይ፥ ልጃችሁ ከገበታ መሸሽ ሲያበዛ፥ ሳይበላ በላሁ ሲል፥ ያለ ብርድ ሲበርደው፥ ሲከሳና ጠባዩ ሲለወጥ፥ ወይም ደግሞ ሌሊት ተደብቆ ያለ ልክ ሲበላ ብታዩት፥ ለማመስገንም ለመስደብም አትቸኵሉ። እኅቱ ብትሆን ኖሮ ትጠይቋት የነበረውን ጥያቄ እርሱንም ጠይቁት፤ ወደ ሐኪም ስትወስዱትም መክሳቱን ብቻ ሳይሆን አለመብላቱን ጨምራችሁ ተናገሩ። የሴቶች ልጆቻችሁንም ድርሻ በዚያው ዐይን ተመልከቱ። በአንድ ትሪ መብላት የወረስነው መልካም ልማድ ነው፤ አብሮን የተቀመጠው ልጅ መጉረስ አለመጉረሱን ማየት ግን የእያንዳንዳችን ሥራ ነው።